ፒየር ኩሪ፣ የሲሜትሪ ጥያቄ እና የፌሮኤሌክትሪክ ቁሶች ብቃት

የፌሮኤሌክትሪክ ቁሶችን የሚያጠና ተመራማሪ የኩሪን ስም ሳይጠራ አይውልም። ቁሱ ፌሮኤሌክትሪክነቱን የሚያጣበት መጠነ ሙቀት በእርሱ ስም ይጠራል፤ ከዚያ ነጥብ በላይ የቁሱን ባሕርይ የሚገልጸው ሕግም የስሙ ተጋሪ ነው። ይሁንና ፒየር ኩሪ በሕይወት ሳለ ፌሮኤሌክትሪክ የሚባል የቁስ ክፍል ገና አልታወቀም ነበር። ስሙ ወደዚህ መስክ የገባው ስለ ማግኔት ካደረገው ጥናት በውሰት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ኩሪ ለዘርፉ የተወው ዋናው ውርስ በውሰት የመጣው ስም ሳይሆን በ1894 ስለ ሲሜትሪ ያሳተመው ጥናት ነው፤ ዛሬ የፒየዞኤሌክትሪክ ብቃትን ለማሳደግ የሚደረገው ጥረትም ያለ እርሱ በቅጡ አይነበብም። ከዚህ በታች የሕይወት ታሪኩ የሚቀርበው ከዚሁ አንጻር ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ፒየር ኩሪ ሜይ 15 ቀን 1859 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዩጂን ኩሪ ሐኪም ነበሩ። ወላጆቹ የልጃቸው አእምሮ በአንድ ነገር ላይ ሲመሰጥ ከዚያ ተነቅሎ ወደ ሌላ ለመሄድ እንደሚቸገር ስለተረዱ መደበኛ ትምህርት ቤት አላስገቡትም፤ ከእነርሱና በአራት ዓመት ገደማ ከሚበልጠው ወንድሙ ከዣክ እየተማረ አደገ። ይህ አስተዳደግ ትምህርቱን አላዘገየውም። በ16 ዓመቱ የባካሎሬያ ፈተናውን አልፎ በ18 ዓመቱ በፊዚክስ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። ወዲያው ወደ ዶክትሬት ለመቀጠል ግን የቤተሰቡ አቅም አልፈቀደምና በ1878 በሶርቦን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ዣክ በዚሁ ጊዜ በሻርል ፍሪዴል የማዕድን ጥናት ላቦራቶሪ ረዳት ነበር። የሁለቱ ወንድማማቾች የሥራ ቦታ መቀራረብ ቀጥሎ ለሆነው ነገር ወሳኝ ነበር ማለት ይቻላል። ዣክ ክሪስታሎችን ያውቃል፤ የትኛው ክሪስታል በየትኛው አቅጣጫ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው፣ የትኛው ጫፉ ከሌላው ጫፍ እንደሚለይ ለይቷል። ፒየር ደግሞ መለካትን ያውቃል። ቱርማሊን ሲሞቅ ጫፎቹ ተቃራኒ ሙል እንደሚይዙ ቀደም ሲል የታወቀ ነበር፤ ፓይሮኤሌክትሪሲቲ የሚባለው ይህ ነው። ማዕድናትን በመጫን ኤሌክትሪክ ለማግኘት የሞከሩም ነበሩ። ነገር ግን እነዚያ ሙከራዎች ከመፋተግና ከመነካካት የሚመጣውን ሙል ከክሪስታሉ ውስጣዊ ሥሪት ከሚመነጨው በግልጽ አልለዩም። ወንድማማቾቹ ያነሡት ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነበር፦ ሙቀት ሙልን የሚያስገኘው ክሪስታሉ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ ከሆነ፣ በዚያው አቅጣጫ ያለ ሙቀት መጫንስ ያንኑ ሊያስገኝ አይገባምን?

በ1880 መልሱን አገኙ። ክሪስታሎቹን በተወሰነ አቅጣጫ ቆርጠው፣ ሁለቱን ፊቶች በስስ የቆርቆሮ ቅጠል ሸፍነው፣ በመጫኛ መካከል አድርገው በቶምሰን ኤሌክትሮሜትር ለኩ። ቱርማሊን፣ ኳርትዝ፣ ቶፓዝ፣ የሸንኮራ አገዳ ስኳር፣ የሮሼል ጨው እና ሌሎችም ሲጫኑ ሙል ሰጡ። ጫናው ሲነሣ ተቃራኒው ሙል ታየ፤ የሙሉም መጠን ከጫናው ጋር ተመጣጣኝ ሆነ። ለኳርትዝ ያገኙት ቁጥር በዛሬው መለኪያ ሲመነዘር 2.1 ፒኮኩሎምብ በኒውተን ያህል ነው፤ ዛሬ ተቀባይነት ያለው 2.3 ገደማ ነው። በዚያ ዘመን መሣሪያ እንዲህ መቃረቡ የልኬቱን ጥራት ይመሰክራል። ክስተቱን ፒየዞኤሌክትሪሲቲ ብሎ የሰየመው በ1881 ጀርመናዊው ሃንክል ነው።

በዚያው በ1881 ገብርኤል ሊፕማን ከቴርሞዳይናሚክስ ተነሥቶ ተቃራኒው ክስተትም ሊኖር እንደሚገባ አሳየ፦ መጫን ሙል ካስገኘ፣ ኤሌክትሪካዊ መስክ የቅርጽ ለውጥ ያስከትላል። ኩሪዎች ዓመቱ ሳያልቅ በሙከራ አረጋገጡት። ቀላል ሥራ አልነበረም። አንድ የኳርትዝ ዝርግ በመስኩ አቅጣጫ አንድ ሺህ ቮልት ሲሰጠው የሚለወጠው ውፍረት 2 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዱን ክሪስታል ግፊት በሌላ ክሪስታል ሙል እንዲታይ አደረጉ፤ ያገኙት ክስተት ራሱ የመለኪያ መሣሪያቸው ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማጥራት ይገባል፤ በተመራቂ ተማሪዎች የጥናት ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ሲደባለቅ ይታያልና። ኤሌክትሪካዊ መስክ የማንኛውንም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ ቅርጽ በጥቂቱ ይለውጣል። ይህ ኤሌክትሮስትሪክሽን ነው። ለውጡ ከመስኩ ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን መስኩ አቅጣጫውን ቢገለብጥ የለውጡ አቅጣጫ አይገለበጥም። ሊፕማን የተነበየውና ኩሪዎች የለኩት ግን ከመስኩ ከራሱ ጋር ቀጥታ የሚመጣጠን ነው፤ መስኩ ሲገለበጥ መስፋቱ ወደ መጥበብ ይለወጣል። በቴንሰር ቋንቋ የመጀመሪያው አራተኛ ደረጃ፣ ሁለተኛው ሦስተኛ ደረጃ ቴንሰር ነው። የሲሜትሪ ማእከል ያለው ቁስ የመጀመሪያውን ያሳያል፤ ሁለተኛውን ግን ሊያሳይ አይችልም። ከ32ቱ የክሪስታል ክፍሎች 21ዱ ማእከል የላቸውም፤ ከእነርሱም ውስጥ 20ዎቹ ፒየዞኤሌክትሪክ ናቸው። ኤሌክትሮስትሪክሽን ግን ከ32ቱም አይቀርም፤ መስታወትንም ይጨምራል።

የወንድማማቾቹ የጋራ ሥራ ብዙ አልቆየም። በ1882 ፒየር በፓሪስ አዲስ በተከፈተው የከተማው የኢንዱስትሪ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሥራዎች ኃላፊ ሆነ፤ በ1883 ዣክ ወደ ሞንፔሊዬ ሄደ። ፒየር በዚያ ትምህርት ቤት 22 ዓመት ቆይቷል። ከነዚህም ብዙዎቹን ዓመታት ደመወዙ በወር 300 ፍራንክ ነበር፤ የራሱ የሚባል የምርምር ላቦራቶሪም አልነበረውም። ሹመትን ደጅ መጥናት የማይወድ፣ የክብር ሜዳልያ ሲቀርብለት የማይቀበል ሰው ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይህን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የመገፋት ዘመን አድርገው ያቀርቡታል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ቦታና መሣሪያ ያጣ ተመራማሪ ሊሠራው የሚችለው ምርምር ወረቀትና አሳብ ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ የሲሜትሪው ጥናትም የበሰለው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ሲሠራም አይቸኩልም ነበር። ከ1880 አንሥቶ ያሰላሰለውን ያሳተመው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው።

የ1894ቱ ጥናት ዋና አሳብ በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። መንስኤዎች ውጤት ሲያስገኙ የመንስኤዎቹ የሲሜትሪ አካላት በውጤቱ ውስጥ ይገኛሉ፤ ውጤቱ የሲሜትሪ ጉድለት ካሳየ ደግሞ ያ ጉድለት አስቀድሞ ከመንስኤዎቹ በአንዱ ውስጥ መኖር አለበት። ተቃራኒው ግን አይሠራም፤ ውጤቱ ከመንስኤው የበለጠ ሲሜትሪ ሊኖረው ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ነገር፣ አንድን ክስተት የሚወልደው የሲሜትሪው መኖር ሳይሆን የጉድለቱ መኖር ነው የሚል ነው። ኩሪ ከዚህም አልፎ የመስኮችን የራሳቸውን ሲሜትሪ ወሰነ፦ ኤሌክትሪካዊ መስክ የአንድ ሾጣጣ ዓይነት ሲሜትሪ አለው፤ በዘንጉ ዙሪያ ምን ያህል ቢዞር ያው ነው፣ ጫፉና መቀመጫው ግን ይለያያሉ። ማግኔታዊ መስክ ደግሞ በዘንጉ ዙሪያ የሚሽከረከር ሲሊንደር ሲሜትሪ አለው። ክሪስታል ባልሆኑ ነገሮችም ላይ የሚሠሩት እነዚህ የሲሜትሪ ቡድኖች ዛሬ የኩሪ ቡድኖች ይባላሉ። የክሪስታሎችን ፒየዞኤሌክትሪክ ኮኤፊሸንቶች በየክፍላቸው ዘርዝሮ የሠራው ጀርመናዊው ቮልደማር ፎይክት ነው፤ ሆኖም የኩሪ አሳብ ለክሪስታል ሰንጠረዥ ብቻ የተበጀ አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ36 ዓመቱ ዋዜማ፣ የዶክትሬት ጥናቱን አቀረበ። ርእሱ የቁሶች ማግኔታዊ ባሕርይ በልዩ ልዩ መጠነ ሙቀት ነበር። የፓራማግኔቶች ምላሽ ከፍጹም መጠነ ሙቀት ጋር በግልባጭ እንደሚመጣጠን አሳየ። ብረት ሲግል ማግኔትነቱን ቀስ በቀስ አጥቶ ወደ ፓራማግኔት እንደሚለወጥም በዝርዝር ለካ፤ ለውጡንም ፈሳሽ ወደ ጋዝ ከሚሸጋገርበት ሁኔታ ጋር አነጻጸረ። ስሙ በየላቦራቶሪው የቀረው በዚህ ሥራ ነው።

በ1895 ሐምሌ ወር መጨረሻ ማሪ ስክሎዶቭስካን አገባ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለአንባቢ የታወቀ ስለሆነ አንድ ነጥብ ብቻ እናነሣለን። ማሪ በዩራኒየም ጨረር ላይ ምርምር ስትጀምር የምትለካው የኤሌክትሪክ ፍሰት በፒኮአምፔሮች የሚቆጠር ነበር። ይህን የቻለችው ወንድማማቾቹ በሠሩት የኳርትዝ መሣሪያ ነው፦ ከስስ የኳርትዝ ዝርግ ላይ የታወቀ ክብደት ይንጠለጠላል፤ ዝርጉ የሚሰጠው የታወቀ ሙል ከጨረሩ የሚመጣውን ሙል ያመጣጥናል፤ ጊዜው በሰዓት ይቆጠራል። ማዕድኑ ካለው ዩራኒየም የሚጠበቀውን ያልፋል የሚለው ጥርጣሬ፣ ከዚያም በ1898 የፖሎኒየምና የራዲየም ግኝት፣ ይህ ልኬት አስተማማኝ ባይሆን ኖሮ አይታሰብም ነበር። የ1903ቱ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለሁለቱና ለሄንሪ ቤክሬል ተሰጠ። በ1904 ፒየር የሶርቦን ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1905 የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተመረጠ። ኤፕሪል 19 ቀን 1906፣ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን፣ በፓሪስ ዶፊን መንገድ ሲሻገር በፈረስ የሚጎተት የጭነት ጋሪ ገጨውና ሞተ። 46 ዓመቱ ነበር።

ፒየዞኤሌክትሪሲቲ በሕይወት ዘመኑ ከላቦራቶሪ መለኪያነት ብዙም አላለፈም። የመጀመሪያውን ትልቅ አገልግሎት የሰጠው የቀድሞ ተማሪው ፖል ላንዠቫን ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በባሕር ውስጥ ያሉ መርከቦችን በድምፅ ሞገድ ለመለየት ኳርትዝን ተጠቀመ። ከ1920 ጀምሮ ደግሞ ጆሴፍ ቫላሴክ፣ ኩሪዎች በ1880 ከጫኗቸው ክሪስታሎች አንዱ የሆነው የሮሼል ጨው ፖላራይዜሽኑ በመስክ ሊገለበጥ እንደሚችልና ለማግኔት ከሚታወቀው ጋር የሚመሳሰል ሂስተሪሲስ እንዳለው አሳየ። ፌሮኤሌክትሪሲቲ የሚባለው ይህ ነው፤ የኩሪ ስምም ከማግኔት ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገረው በዚሁ ተመሳሳይነት ነው።

በ1940ዎቹ የባሪየም ታይታኔት መታወቅ የኩሪን የሲሜትሪ አሳብ ለሙከራ አቀረበው ማለት ይቻላል፤ በጊዜው እንዲህ ብሎ ያሰበ ሰው ባይኖርም። ከምድጃ የወጣ የባሪየም ታይታኔት ሴራሚክ በየአቅጣጫው የተበተኑ እልፍ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስብስብ ነው። እያንዳንዳቸው ፖላራይዜሽን ቢኖራቸውም በጥቅሉ ሲታይ ቁሱ የሉል ሲሜትሪ አለው፤ ስለዚህ ፒየዞኤሌክትሪክ ሊሆን አይችልም። ብዙዎች ሴራሚክ ለዚህ ሥራ አይረባም ብለው ያሰቡትም ለዚህ ነው። ሴራሚኩን በጠንካራ ቀጥተኛ መስክ ውስጥ ማቆየት፣ ማለትም ፖሊንግ፣ ነገሩን ለወጠው። መስኩ የሾጣጣ ሲሜትሪውን በቁሱ ላይ አተመ፤ መስኩ ሲነሣም የዶሜይኖቹ አሰላለፍ በከፊል ስለሚቀር ጉድለቱ ቀረ። የተፖለ ሴራሚክ ሦስት ነጻ ፒየዞኤሌክትሪክ ኮኤፊሸንቶች ብቻ ያሉት ከኩሪ ቡድኖች አንዱ ስለሆነ ነው።

የኤሌክትሮስትሪክሽንና የፒየዞኤሌክትሪሲቲ ዝምድናም እዚህ ላይ ይገለጣል። ከኩሪ መጠነ ሙቀት በላይ የባሪየም ታይታኔት ክሪስታል ኩብ ነው፤ የሲሜትሪ ማእከል ስላለው የሚያሳየው ኤሌክትሮስትሪክሽንን ብቻ ነው፤ የቅርጽ ለውጡም ከፖላራይዜሽን ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ ቋሚ ፖላራይዜሽን በራሱ ይፈጠራል። በዚህ ላይ ትንሽ መስክ ቢጨመር ስኩዌር የሚደረገው የቋሚውና የትንሹ ድምር ነው፤ ከውጤቱም ውስጥ ከትንሹ ጋር ቀጥታ የሚመጣጠን አባል ይወጣል። ያ አባል ፒየዞኤሌክትሪሲቲ ነው። ኮኤፊሸንቱም የኤሌክትሮስትሪክሽን ኮኤፊሸንት፣ የቋሚው ፖላራይዜሽን እና የፐርሚቲቪቲ ብዜት ሁለት እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ዶሜይን ባሪየም ታይታኔት የታወቁት ቁጥሮች 0.11 ሜትር አራቴ በኩሎምብ ስኩዌር፣ 0.26 ኩሎምብ በሜትር ስኩዌር፣ እንዲሁም አንጻራዊ ፐርሚቲቪቲ 168 ናቸው። ቢባዙ 85 ፒኮኩሎምብ በኒውተን ይሰጣሉ፤ በልኬት የተገኘውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። በሌላ አነጋገር በእንዲህ ያሉ ፌሮኤሌክትሪኮች ፒየዞኤሌክትሪሲቲ ሲሜትሪው የጎደለ ኤሌክትሮስትሪክሽን ነው። ለኳርትዝ ይህ አይሠራም፤ የኳርትዝ ጉድለት ከአቶሞቹ አደራደር ጋር የተወለደ እንጂ በፖላራይዜሽን የመጣ አይደለምና።

ብቃትን ለማሳደግ የሚጥር ሁሉ እንግዲህ ሦስት ተባዢዎች አሉት። የኤሌክትሮስትሪክሽን ኮኤፊሸንቱ በፔሮቭስካይት ቤተሰብ ውስጥ እጅግ ሰፊ ልዩነት አያሳይም፤ ቋሚ ፖላራይዜሽኑም ወሰን አለው። በመቶና በሺህ እጥፍ ሊለዋወጥ የሚችለው ፐርሚቲቪቲው ነው። ፐርሚቲቪቲ የሚያድገው ደግሞ ፖላራይዜሽኑ አቅጣጫውን ወይም መጠኑን ለመለወጥ ትንሽ ኃይል ብቻ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ማለትም ቁሱ በሁለት ሲሜትሪዎች ድንበር ላይ ሲቆም ነው። የእርሳስ ዚርኮኔት ታይታኔት የበላይነቱን ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቴትራጎናልና ሮምቦሄድራል ቅርጾቹ በሚዋሰኑበት ቅንብር ላይ ምላሹ ከፍ ይላል። በ1997 ፓርክና ሽራውት ከእርሳስ የተሠሩ የሪላክሰር ክሪስታሎች በትክክለኛው አቅጣጫ ሲፖሉ ከ2000 ፒኮኩሎምብ በኒውተን በላይ እንደሚሰጡ አሳዩ፤ አቅጣጫው ከራሱ ከፖላራይዜሽኑ ጋር የማይገጥም ሆኖ መመረጡ የኩሪዎችን የአቆራረጥ ጥያቄ ያስታውሳል። በ2018 ደግሞ በዚያው ቤተሰብ ሴራሚክ ውስጥ ጥቂት ሳማሪየም በመጨመር የአካባቢ ሥሪቱን አለመመሳሰል ሆን ብሎ ማሳደግ ኮኤፊሸንቱን ወደ 1500 አደረሰው።

ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አለው፤ በጥናት ጽሑፎች ማጠቃለያ ላይ ዋጋው ሁልጊዜ ከጥቅሙ እኩል አይጻፍም። ፖላራይዜሽኑ በቀላሉ እንዲንቀሳቀስ ያደረገ ቅንብር፣ በሙቀትም በቀላሉ እንዲጠፋ ያደርገዋል። ከንግድ ሴራሚኮች ፒ-ዜድ-ቲ 4 የሚባለው 289 ፒኮኩሎምብ በኒውተን ሲሰጥ የኩሪ መጠነ ሙቀቱ 328 ዲግሪ ነው፤ ፒ-ዜድ-ቲ 5ኤች 593 ሲሰጥ መጠነ ሙቀቱ ወደ 193 ይወርዳል። የሳማሪየሙ ሴራሚክ ከ100 ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ ቅንብር ከፍተኛ ኮኤፊሸንት ይዞ ሲቀርብ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ከሦስቱ ተባዢዎች የትኛው እንዳደገ፣ የጎደለው የሲሜትሪ አካል የትኛው እንደሆነ፣ ጉድለቱንም ማን እንዳስገባው፣ ቅንብሩ፣ የፖሊንጉ መስክ ወይስ የአካባቢው ሥሪት፣ መሆኑን ነው። በብዙ ጽሑፎች ውስጥ ይህ ሳይመለስ የተጨማሪው ንጥረ ነገር ስምና የደረሰበት ቁጥር ብቻ ይቀርባል። እርሳስን በጤና ጠንቅነቱ ምክንያት ለመተካት በሚደረገው ፍለጋ ውስጥ ይህ ክፍተት ይበልጥ ይጎዳል፤ የሚሞከረው ቅንብር ብዙ፣ ምድጃውና ጊዜው ጥቂት ነውና።

የኩሪን ጥያቄ ከመነሻው ይዞ የሄደ አንድ የቅርብ ሥራ አለ። በ2022 የታተመ ጥናት የተመረጠው ቁስ ጋዶሊኒየም የተጨመረበት የሴሪየም ኦክሳይድ ስስ ንጣፍ ነበር፤ ኩብ ነው፣ ማእከል አለው፣ ፌሮኤሌክትሪክ አይደለም፣ እርሳስም የለበትም። ተመራማሪዎቹ ከተለዋዋጩ መስክ ጋር ቀጥተኛ መስክ አብረው ሰጡት፤ የኦክስጅን ክፍተቶቹ በቀጥተኛው መስክ ተገፍተው ቦታቸውን ለወጡ፤ ማእከሉ ጠፋ፤ ከተለመዱት ፌሮኤሌክትሪኮች እጅግ የሚበልጥ የፒየዞኤሌክትሪክ ምላሽም ታየ። ታላቁ ምላሽ የተገኘው በጣም ዝቅተኛ በሆነ ድግግሞሽ ነው። ክፍተቶቹ መስኩን ተከትለው ለመንቀሳቀስ ጊዜ ስለሚሹ ድግግሞሹ ሲጨምር ምላሹ ይወርዳል።